የካላንደሯ ሴት

ልጅ እያለሁ ላገባት የቆረጥኩት ሴት ግድግዳ ላይ ነበረች። ደርግ ወድቆ አገሩ ትንሽ ረጋ ባለበት ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር አልጋ ታከራይ የነበረችው፣ ያሳደገችኝ አክስቴ የሺ ቤት፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ላይ፣ እኔ ሳልወለድ የተሰቀለ ካላንደር ነበር። ወሮቹ ተቀዳደው አልቀው የአንዲት ተዋናይ ፎቶ ብቻ ቀርቷል። ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለች። እኔ ደግሞ ንፍጤን በእጅጌዬ የምጠርግ ሙሽራ ነበርኩ።

አንድ የክረምት መውጫ ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ ፊልም ሊነሣ ነው፣ የካላንደሯ ተዋናይም የምታርፈው እኛ ቤት ነው ተባለ። አክስቴ ወለሉን በእበት ለቀለቀች፤ ከመንገድ ለመጣ የክብር እንግዳ እንደሚደረገው እግሯን በገዛ እጇ ልታጥብ ውሃ አሞቀች። እኔም ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ በር ላይ ቆምኩ። ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ ዐይኔ ውስጥ ገባ።

ከመኪናው ሁለት ሴቶች ወረዱ፤ አንዷ ሹሩባ የተሠራች ለጋ ልጅ፣ ሌላዋ መነጽር ያደረገች፣ ሽበት ጣል ጣል ያለባት ሴት። ዳይሬክተሩ ባለመነጽሯን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ "የዚችን ልጅ እናት ሆነሽ ካልሠራሽልኝ ፊልሙ አይሆንም" እያለ ይለማመጣታል።

"ገና ነኝ! እናቷ አልሆንም አልኩህ!"

አክስቴ ይህን አልሰማችም። እልል ብላ ለጋዋን ልጅ አስቀመጠቻት፣ ጫማዋን አወለቀችላት፣ እግሯን አጥባ ሳመችው። ልጅቷ እየተሽኮረመመች፣ "ኧረ እትዬ፣ እኔ አይደለሁም! እሷ ናት" ብላ ወደ ባለመነጽሯ ጠቆመች።

አክስቴ ሴትዮዋን አየች። ካላንደሩን አየች። "ተይ እንጂ ልጄ! ይችን እኮ አውቃታለሁ፣ ስንት ዘመን አብራኝ ኖራለች" አለች። ከዚያ በአክብሮት ዞር ብላ፣ "አንቱስ እሜቴ፣ የልጅቷ እናት ነዎት?"

እኔ ባለመነጽሯ ጉንጭ ላይ ምልክቷን አይቼ "እሷ ናት! ማርያም ስማታለች!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ፊት!" ቅቤው ላይ ኩርኩም አረፈብኝ። ሙሽሪት ፊት ኩርኩም የቀመስኩ ሙሽራ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ያለችውን ራሷን ብዙ አየቻት። ከእሷ ጋር ምን ክርክር ይገጠማል? መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

"አዎ፣ እናቷ ነኝ" አለች። ዳይሬክተሩንም ዞር ብላ ሳታየው፣ "እሠራዋለሁ" አለችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ በቀዘቀዘው ውሃ እግሯን ራሷ ታጠበች። አክስቴ የካላንደሯ ሴት እሷ መሆኗን እስክትሞት አላመነችም።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ስልኳን አቀበለችኝ። ያችው ሴት አንድ ሠርግ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ነጭ በነጭ ሆኗል። ከፎቶው ሥር ሰው ሁሉ "ምነው እንዲህ ሆነች?" እያለ ይጽፋል። ያኔ አክስቴ ብቻ ነበረች፤ ዛሬ አገር በሙሉ ካላንደሩን ሰቅሎ ይጠብቃታል። ፎቶውን አስፍቼ ምልክቷን ፈለግሁ፤ አለች። አንድ ነገር ልጽፍላት ብዬ ጣቴ ከፊደሉ ጋር ሲታገል ቆይቶ ተሸነፈ።

"እኔስ አላረጀሁም?" አልኳት ልጅቷን፣ ያለ ዕድሜው የተራቆተ መላጣዬን እያሻሸሁ።

"አባባ ደግሞ! እርስዎን ማን ያይዎታል?" ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። ማንም ዞር ብሎ ስላላየኝ፣ በሰላም አረጀሁ።