ያልጎረሰው ፊልም

አሮጌው ካሜራዬ ሠላሳ ስምንት ብሎ ሲቆጥር ደነገጥኩ። ፊልሙ የሚያነሳው ሠላሳ ስድስት ብቻ ነው።

ከፈትኩት። የፊልሙ ጫፍ ከካሜራው ጥርስ ወልቆ ጥቅሉ እንዳለ ተቀምጧል። ጠዋት ሙሉ ያነሳሁት ባዶ ነው!

ፊልሙን ያጎረስኩት የነጌሌ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ነበር። ከአቧራው አዳንኩት፤ መያዙን ግን አላየሁም።

ያነሳሁት ጎረቤቴ የሆኑትን ወይዘሮ፣ አደ ዳኪን፣ ቤታቸውንና ፍየሎቻቸውን ነው። ዛሬ ጠቅልለው ሻኪሶ ልጃቸው ጋ እየሄዱ ነው። መናኸሪያ ሮጥኩ፤ የመኪናው ሞተር ተነስቷል።

«አደ ዳኪ፣ ፎቶው አልወጣም!»

አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «ጠዋት ሙሉ እንደ ሙሽራ ያሽከረከርሽኝ ለባዶ ነው?»

«እትዬ፣ ሰው እየጠበቀ ነው!» አለኝ ሾፌሩ።

አቧራው መሀል ቆሜ አዲስ ፊልም አጎረስኩ። ጥርሱ መያዙን በዓይኔ አይቼ ዘጋሁት።

ሁለት ብቻ አነሳሁ። በሁለተኛው መኪናው ተንቀሳቅሷል። «ነጋቲ!» ብለው በኦሮምኛ እየተሰናበቱኝ እጃቸውን አወዛወዙ። እኔ ምስሉን ለማስተካከል ስታገል ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም። ይሳቁ ያልቅሱ፣ ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመጣ አላውቅም።

ከተመለስኩ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። እናንተስ እንዲህ ለጥቂት ያመለጣችሁ ፎቶ አለ? ጻፉልኝ፤ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ አነባለሁ።