በእንቁላል ካርቶን የተጓዘው ሠራዊት

ጋሽ ሳህሉን ነቀምቴ የሚያውቀው በሰልባጅ ነው። ገበያው ዳር ካለችው የቆርቆሮ ሱቁ ሹራብ ያልገዛ ሰው በሰፈራችን ብዙ አይገኝም። አባቱ ዓባይን ተሻግረው ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ አደገና አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ፣ ኦሮምኛውን በአማርኛ እየቋጨ ይናገራል። እሑድ ከቅዳሴ ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ ላየው፣ ይህ ረጋ ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ ሁለት ሠራዊት ያኖራል ቢሉት ማንም አያምንም።

ያኖራል ግን።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የልጆች ልብስ ቦንዳ በተፈታበት ቀን ነው። ከአንድ ካልሲ ውስጥ አውራ ጣት የሚያካክሉ የፕላስቲክ ወታደሮች ዝርግፍ አሉ። ጋሽ ሳህሉ አጠገቡ ያለውን አናጺ ኦቦ ጂሩን ጠራው። ኦቦ ጂሩ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ በአላፊ አግዳሚው ካልቀለደ ግን ቀኑ አይመሽለትም።

"እነዚህ ለማን ነው የሚዋጉት?" አለ፣ አንዱን አንሥቶ እያገላበጠ።

"እኔ እንጃ፣ አለቃ የላቸውም።"

"እንግዲያው አለቃቸው እኔ ነኝ። አንተ የራስህን ፈልግ።"

ቀልዱ እውነት ሆነ። ጂሩ ከዋንዛ ቁርጥራጭ እግራቸው እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ፈረሶች ይጠርብ ጀመር። ሳህሉ ከአሮጌ ኮት የወደቁ ቁልፎችን ጋሻ አደረጋቸው፤ ጦሩን ከስንደዶ ቆረጠ። አንዱን ወገን ቀይ ለመቀባት የባለቤቱን የወይዘሮ ብፅዓትን ኩቴክስ ወሰደ። "የሁለት ሽማግሌ ዕቃቃ ጥፍሬን ባዶ አስቀረው" ትላለች እስካሁን። ከሱቁ ጓዳ ባለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተራራ ይሆናል፣ ሰማያዊ ሻርፕ የዴዴሳ ወንዝ ይሆናል። የውጊያውን ዕጣ የሚለዩት አንድ ፊታቸው በከሰል የጠቆረ የበቆሎ ፍሬዎች ናቸው፤ ይወረወራሉ፣ ጥቁሩ ይቆጠራል፣ የበዛለት ይረታል። የሌላውን አዝማች የማረከ አሸነፈ።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው፤ ያወጣው ጂሩ ነው። የተሸነፈ ሰው ሁለቱንም ሠራዊት እስከሚቀጥለው ጨዋታ ያሳድራል። ይህ ቀላል ቅጣት እንዳይመስላችሁ። አቧራ አለ፣ እንጨት የሚቆረጥም አይጥ አለ፣ የልጅ ልጅ አለ። ጋሽ ሳህሉ የፈረሶቹን እግር በቀለጠ ሻማ ሰሌዳ ላይ እያጣበቀ፣ በላያቸው ሰፌድ እየደፋ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያኖራቸው ነበር። ይህን ያህል የተካነው ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚሸነፈው እሱ ነው።

አንድ ቀን ጨዋታው ሳያልቅ መሸባቸው። ተራው የጂሩ ነበር። "ነገ አዝማችህን ሸሚዝ አስወልቄ ነው የማስሮጠው" ብሎ ሄደ። በማግስቱ ጧት ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። ስትሮክ ነው አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች። ከሆስፒታል ሲወጣ አንገር ጉቲን ከተማ የምታስተምረው ልጁ ኬኔ ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ኬኔ ደወለች።

"ጋሼ፣ አባዬ እጁን አላንቀሳቅስም አለ። ጣቶቹን እንዲያሠራበት የሰጡትን ኳስ ግድግዳ ላይ ወረወረው። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው።"

"ምን ይላል?"

"'ተራው የኔ ነው' ይላል። ምን ማለቱ ነው?"

ጋሽ ሳህሉ ስልኩን እንደያዘ ወደ ጓዳ ገባ። ጠረጴዛውን አልነካውም ነበር፤ አንሶላ ብቻ ነው ያለበሰው። "ገብቶኛል ልጄ" አላት። "ይዤለት እመጣለሁ።"

ብፅዓት የጠረጴዛውን ፎቶ በስልኩ አነሣችለት፣ ሁሉም በነበረበት እንዲሰለፍ። የቀረው ጭንቀት መንገዱ ነው። "የተሰበረ ፈረስ ለታመመ ሰው አይወሰድም" አለ ጋሽ ሳህሉ። "እጁ እንደማይመለስ የነገርኩት ይመስለዋል።"

የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ሆነ። ጋሽ ሳህሉ ገበያ ላይ ሸክላ ሻጮች ገንቦና ድስት በጭድ ጠቅጥቀው ሲያጓጉዙ ስላየ፣ ሠራዊቱን በሙሉ በአንድ ካርቶን ጭድ ውስጥ ቀበረው። ባጃጅ ያዘ፤ ባጃጁ በኮብልስቶኑ ላይ እየዘለለ መናኸሪያ አደረሰው። እዚያ ልቡ አላስችል ብሎት ከፈተው። ፈረሶቹ ደኅና ነበሩ። ጦር ግን የያዘ አንድም የለም። ጦሩ ስንደዶ ነው፤ የተቀበረውም ጭድ ውስጥ ነው! ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ከጭድ መካከል ጦር ሲለቅም ዋለ። ብፅዓት ልትረዳው ተቀመጠችና በሳቅ ፈርሳ ተነሣች። "ይሄስ ጦር ነው ወይስ ጭድ?" እያለች አንድ በአንድ ታሳየው ነበር።

ሻማውም አይሆንም፤ አንገር ቆላ ነው፣ ይቀልጣል።

መላው የተገኘው ከሎሚ ሱቅ ነው። ሎሚ እንቁላል ነጋዴ ናት፤ በሁዳዴ ገበያዋ ይቀዘቅዛል፣ ባዶ ካርቶኖቿም ተደራርበው ይቆያሉ። ጋሽ ሳህሉ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆም አለና ያንን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለውን ካርቶን ትኩር ብሎ አየው።

"ምነው ጋሼ፣ ጾሙ ከበደዎት እንዴ?" አለችው።

"ባዶውን ነው የምፈልገው።"

"ባዶውንማ ይውሰዱ፣ ቄሱም አይቆጡ።"

እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ወታደር ወይም አንድ ፈረስ ተቀበለ። ዙሪያውን ከማይሸጥ ሹራብ የተተረተረ ክር ጎዘጎዘበት። ጦሮቹን ነቅሎ ቁራጭ ስፖንጅ ላይ ሰካቸው። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሌላ ገልብጦ ደፋና በሲባጎ አሰረው። ነቀነቀው፤ ምንም አልተንኮሻኮሸም። "አምላኬ ሆይ፣ አንተ የምታውቀውን መንገድ አቅናልኝ" ብሎ አማተበ።

መናኸሪያ ሲደርስ የሚኒባሱ ረዳት ቶላ ካርቶኖቹን አየና "እንቁላል ነው? ጣሪያ ላይ አይሆንም ጋሼ፣ ውስጥ ይግባ!" ብሎ ራሱ ተቀብሎ ባዶ ወንበር ላይ በክብር አስቀመጠለት። ጋሽ ሳህሉ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው።

ከኋላ የተቀመጠው የበቆሎ ነጋዴው መገርሳ አላለፈውም። "ኦቦ ሳህሉ! በሁዳዴ ይሄን ሁሉ? የንስሐ አባትዎ ያውቃሉ?"

መኪናው ሳቀ።

"ለታመመ ሰው ነው" አለ ጋሽ ሳህሉ። ይህ ሐሰት አልነበረም። ቢሆንም ነገሩ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር እየቆረቆረው ኡኬ ከተማ ደረሱ።

ኡኬ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ገቡ፤ አዴ ወርቂቱ ይባላሉ። ሁሉንም "አካም ቡልተኒ" ብለው ሰላምታ ሰጡና ገና ሳይደላደሉ ዓይናቸው ካርቶኑ ላይ አረፈ።

"ጎሽ! ምራቴ ወልዳ ልጠይቃት መሄዴ ነው። ጥቂት ሽጥልኝ የኔ ወንድም።"

"የሚሸጥ አይደለም አዴ።"

"ጥቂት ነው ያልኩህ።"

"አይሆንልኝም።"

"ለአራስ?" አሉ አዴ ወርቂቱ ወደ መንገደኛው ዞረው። "ለአራስ እንቁላል የሚከለክል ሰው ዛሬ አየሁላችሁ!"

መኪናው ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ ጋሽ ሳህሉ ላይ ተተከለ። "ይስጧቸው እንጂ፣ እርስዎ እንደሆነ አይበሉት!" አለ ቶላ። ጋሽ ሳህሉ ላቡን ጠረገ፣ "በስመ ሥላሴ" አለ፣ ሲባጎውን ፈታ።

ከቀይ ሹራብ ክር መካከል አንድ የፈረስ ራስ ብቅ አለ።

"ዋቃዮ!" አለ መገርሳ ከኋላ አንገቱን አስግጎ። "እንቁላሉ ፈረስ ፈለፈለ!"

ሳቁ ጋብ ሲል ጋሽ ሳህሉ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። "ይቅር በሉኝ። እንቁላል ነው አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። ጂሩ የሚባል ወዳጅ አለኝ፣ ታሞ አንገር ጉቲን ተኝቷል። ጨዋታ ጀምረን ነበር፣ ተራው የሱ ነው። እጁን ለሌላ ነገር አላነሣም ብሏል። ሳይሰበር ላደርስለት ብዬ ነው።"

ቶላ ግን ተናዶ ነበር። ኡኬ ላይ ሌሎች ተሳፋሪዎች ቆመው ይጠብቃሉ፣ ወንበሩን ደግሞ አሻንጉሊት ይዞታል። "ይሄማ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው! ውረዱልኝ ላስረው!" አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ ማለት አለቀለት ማለት ነው። ጋሽ ሳህሉ ካርቶኖቹን አቅፎ ተነሣ፤ ሊወርድና በእግሩ ሊመለስ ነበር።

"ቆይ" አሉ አዴ ወርቂቱ። "ጂሩ ያልከው አናጺውን ነው?"

"አዎ።"

"የልጄን የሠርግ አልጋ የሠራውን? እስከ ዛሬ ሲጥ ያላለውን?" እጃቸውን ዘረጉ። "አምጣ አንዱን። ጭኔ ላይ።"

መገርሳም እጁን ዘረጋ። ከፊት የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ሳትቀር "እኔም አንድ ልያዝ" አለች። ካርቶኖቹ በየጭኑ ተከፋፈሉ፣ ወንበሩ ተለቀቀ፣ ቶላ ተሳፋሪዎቹን አስገባና በሩን እያጉረመረመ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አዴ ወርቂቱ ራሳቸው ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ሰው የያዘውን ጦር ወገን ሆነ። "የኔ ቀዮቹ ናቸው፣ የናንተን ያንበረክካሉ!" ይላል መገርሳ። "የአንተዎቹ ፈረሶች የከሱ ናቸው፣ በቆሎህን አብላቸው!" ይሉታል አዴ ወርቂቱ። ሾፌሩም ሳይቀር ገባበት፤ ጉድጓድ ሲያይ "ያዝ!" ብሎ ይጮኻል፣ መንገደኛው ሁሉ ካርቶኑን እኩል ወደ ላይ ያነሣል፣ መኪናው ይዘላል፣ ሠራዊቱ አየር ላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። መጨረሻ ላይ "ያዝ!" የሚለው ቶላ ነበር።

አንገር ጉቲን ሲወርዱ መገርሳ ፊቱን አጨማዶ ቀረበ። "ኦቦ ሳህሉ፣ አንዷ ጉድጓድ ጋ ትንሽ አንቀላፋሁ። አንድ ፈረስ እግሩን አመመው።" ዋንዛው ከጉልበቱ ተሰብሯል።

ጋሽ ሳህሉ ደነገጠ፤ የፈራው ይኸው ደረሰ። የተሰበረችውን እግር በሹራብ ክር ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ኬኔ ቤት አዘገመ።

ጂሩ በትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ወዳጁን ሲያይ ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። ኬኔ ጠረጴዛውን አስጠጋች፤ ብርድ ልብሱ ታጠፈ፣ ሻርፑ ተዘረጋ፣ በፎቶው መሠረት ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ጋሽ ሳህሉ የተሰበረውን ፈረስ መጨረሻ ላይ አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየው።

"መንገድ ላይ ነው ጂሩ። ጠብቄው ነበር።"

ጂሩ ፈረሱን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ግራ እጁን አንሥቶ ወደ ጠረጴዛው ሰደደ። የራሱን አዝማች ከተራራው ጀርባ ጎትቶ አወጣው፤ ወንዙ ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ ከሳህሉ ፈረሰኞች ፊት አቆመው።

"ጂሩ፣ አዝማችህ ነው እኮ" አለ ጋሽ ሳህሉ። "ልብ ብለህ እይ።"

"አ... አይቻለሁ።"

"መልሰው። እንዳላየሁ እሆናለሁ።"

"ተራው... ያንተ ነው።"

ጋሽ ሳህሉ የበቆሎ ፍሬዎቹን ወረወረ። ሁሉም ጥቁር ወጣ፤ አዝማቹ ተማረከ። ጂሩ ተሸነፈ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

"ሕጉ" አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ። "ሠራዊቱ... እኔ ዘንድ... ያድራል።"

ኬኔ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጂሩ የተሰበረውን ፈረስ በግራ እጁ አንሥቶ በማይታዘዘው ቀኝ መዳፉ ውስጥ አኖረው፤ ጣቶቹን በግራው እየገፋ እንጨቱ ላይ አጠፋቸው። አልያዙም። ደግሞ ገፋቸው። "ሙጫ" አለ።

ጋሽ ሳህሉ እዚያው አደረ። በማግስቱ መናኸሪያ ሲመጣ ቶላ ካርቶኖቹን ከሩቅ አይቶ የወንበሩን አቧራ በእጁ ጠረገ።

"ጋሼ፣ ውስጥ ያስገቧቸው፣ ቦታ ይዣለሁ!"

"ተመስገን፣ ባዶ ናቸው ልጄ" አለ ጋሽ ሳህሉ። "ጣሪያ ላይ ጫናቸው።"