ጀርባውን ገልብጬ ያየሁት ጥበብ

ሪችፊልድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ገነት የባህል ልብስ ሱቅ ውስጥ የነበርነው አራት ሴቶች ነን። ገነት ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ሰብለ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ከፊት ለፊቷ ናት። ሙሽራዋ በሩ አጠገብ፣ እኔ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ዘንድ። ያለፈው መጋቢት ነው። እስካሁን የሚከነክነኝ፣ እዚያ የተወሰድሁት ታውቃለች ተብዬ ስለነበር ነው።

ወጣት ሳለሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጥበብ ሲገዙ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ጀርባውን ገልብጬ አያለሁ። የሸማኔ ሥራ ከሆነ የክር ጫፍ ይንጠለጠላል፤ የማሽን ከሆነ ንጹሕ ነው።

ሰብለ ለልጇና ለስምንት ሚዜዎች ቀሚስ ልታዝ ነበር። ገነት ሁለት ናሙና ዘረጋች።

«ይኼ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ በእጁ የሠራው ነው። ያኛው የቻይና ነው፤ አልደብቅም።»

ገለበጥኋቸው። የወንድሟ ያለችው ንጹሕ ነው። የቻይናው ክር ተንጠልጥሎበታል።

«ተምታቶብሻል፣ ገነት። የቻይናው ይኼ ነው» አልሁ፣ የወንድሟ ያለችውን እያሳየሁ።

«አላልኋችሁም!» አለች ሰብለ። «ቻይናውን በሸማኔ ስም ልታሸክሚኝ!»

ገነት ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ ደንበኞች ክሩ ተንጠለጠለ ብለው ስለሚመልሱበት ወንድሜ መቁረጥ ለመደ። ቻይናዎቹ ደግሞ ክር ከሌለው አይሸጥም ስለተባሉ ይተዉለታል።»

«ማን ነው ያላቸው?» አልሁ።

«የእኛው ነጋዴዎች ናቸዋ። ናሙና ይልካሉ፣ እነሱ ይሠራሉ።»

ትምህርት ቤት ሳለን ቻይና በሯን የዘጋች አገር ናት ተብለን ነበር። በኋላ ለንግድ ከፈተች ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ፤ እኔን ይመለከታል ብዬ አላሰብሁም። ለካ ጀርባውን እንደምገለብጥ የሚያውቅ ሰው እዚያ ኖሯል።

ገነት ስልኳን አወጣች። ወንድሟ ያንኑ ጥለት ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር።

«ማሚ፣ ሉክ፣ እዪው፣ ራሱ ነው እኮ» አለች ሙሽራዋ።

«ቪዲዮ ምን ያረጋግጣል? እማማ ይናገሩ» አለች ሰብለ።

«ወንድሜ ይኼን ትዕዛዝ ካላገኘ ሥራውን ሊተው ነው፣ እማማ» አለች ገነት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱንም ዳሰስሁ። ደግሜም ዳሰስሁ። ጣቶቼ መለየት አቃታቸው።

«አላውቅም» አልሁ። «የቅድሙን ቃሌን ተዪው፣ ሰብለ።»

«ታዲያ ለምን ተናገሩ?»

ጥበቦቹን ባንኮኒው ላይ መለስሁ። ሰብለ የሚዜዎቹን ልክ የጻፈችበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይቅርብን» አለችና ልጇን ክንዷን ይዛ ወጣች።

ገነት የወንድሟን ጥበብ ጀርባውን ወደ ውስጥ አድርጋ ማጠፍ ጀመረች።

ጓንቴን አጥልቄ ወጣሁ።