ጋርሾ ያገለገለው ዘመን

በጂንካ ገበያ ሚልክያስን «ጋርሾ» ብሎ የጠራ ሰው መልስ አያገኝም ነበር። ከኋላው ቢጮህበትም ዞር አይልም። ጋርሾ አባቱ ያወጡለት ስም ነው፤ በጉልምስናው ጌታን ተቀብሎ ሲጠመቅ ግን አሮጌውን ስም እዚያው ወንዙ ውስጥ ትቶት ወጣ። ግትር ሰው ነው፤ አንዴ ከተወ ተወ ነው።

ጣጣው የመጣው ጡረታ መውጫው ሲደርስ ነው። በከብት ክሊኒክ በጥበቃ ሥራ የተቀጠረው ዘግይቶ ስለነበር፣ ስድሳ ዓመት ሲደፍን አገልግሎቱ ገና ዘጠኝ ዓመት እንኳ አልሞላም። የጡረታ ጉዳይ የምትሠራው ናርዶስ አጠገቧ አስቀምጣ በደንብ አስረዳችው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜ ልኩን በየወሩ ይከፈለዋል፤ መጠኑ የሚወሰነው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙና ባገለገለበት ዘመን ርዝመት ነው። አሥር ያልሞላው ግን አንድ ጊዜ የሚሰጠውን ተቀብሎ ይሰናበታል። ሚልክያስና ባለቤቱ ተዋበች ከጓሯቸው እንሰት ሌላ የሚመኩበት የላቸውም፤ ጉልበቱም ከድቶታል።

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልሠሩም?» አለችው።

ሠርቷል እንጂ! በወጣትነቱ ዲመካ ከተማ ሰባት ዓመት ሙሉ ከብት ከትቧል። ሲለቅም የጡረታ መዋጮውን አላስመለሰም፤ ስለዚህ ያ ዘመን ካሁኑ ጋር ይደመርለታል። ችግሩ፣ ዲመካ የሠራው ሰው ጋርሾ መሆኑ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን፣ አብሮት የሠራና በሁለቱም ስም የሚያውቀው ምስክር ፍርድ ቤት ቀርቦ መናገር አለበት።

ከድሮ ባልደረቦቹ የቀረው አበራ ብቻ ነው። አበራ ደግሞ ከጥምቀቱም በኋላ እያሾፈ «ጋርሾ» ማለቱን አልተው ስላለ፣ ሚልክያስ ሰላምታ ከነፈገው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሦስት ቀን አንገራገረ። በመጨረሻ ተዋበች ጃኬቱን እጁ ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ኩራት ቀቅላ እንደማትበላ ነገረችውና ሚኒባስ ተሳፈረ።

አበራን ያገኘው የዲመካ ከብት ገበያ ውስጥ፣ የፍየል አፍ ከፍቶ ጥርስ ሲያይ ነው። አበራ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ላይ የድሮው ፌዝ የለም።

«ደህና ዋልክ፣ ሚልክያስ» አለው፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው።

ሚልክያስ ስንት ዓመት የተጣላለት ስም ነበር ይሄ። አሁን ከአበራ አፍ ሲሰማው ግን ልቡን ወጋው። መንገድ ላይ ሲያሰናዳው የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ጋርሾ በለኝ» አለ።

አበራ ፍየሏን ለቀቃት። ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ሲላቀቁ የሁለቱም ዓይን እርጥብ ነበር፤ ሚልክያስ ለምን እንደመጣ የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። አበራም በቀጠሮው ቀን ጂንካ ድረስ መጣ። ዳኛዋ ይህን ሰው በምን እንደሚያውቀው ጠየቁት።

«አንድ ወይፈን ሁለታችንንም ጭቃ ላይ የዘረረን ጊዜ ጋርሾ ነበር» አለ አበራ። «ያኮረፈኝ ጊዜ ሚልክያስ ነበር። ሰውየው ይኸው ነው።»

ዳኛዋ ፈገግ አሉ። ዘመኑ ተደመረ፤ የወር ጡረታውም ተወሰነለት።

ሚልክያስ ዛሬም በቤተ ክርስቲያንም በሰፈርም ሚልክያስ ነው። ገበያ መሃል ግን አንድ ሰው ከሩቅ «ጋርሾ!» ብሎ ከተጣራ፣ ማን እንደሆነ ሳያይ «አቤት!» ይላል።