መወርወሪያው ካመለጠ በኋላ

በጃንሆይ ዘመን ብዙወርቅ አቃቂ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። ሥራዋ በሽመና መኪኖቹ ሥር እየዳኸች የጥጥ ብናኝ መጥረግ ነበር። ምኞቷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ የራሷን መኪና ማሠራት ነው። ይህን ያዩት ሸማኔዋ እትዬ ወለተሥላሴ በምሳ ሰዓት የተበጠሰ ክር መቀጠል ያስተምሯት ጀመር። ቶሎ ገባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ክር ይዞ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ባለ ብረት ጫፍ መወርወሪያ ከመኪናው አመለጠና የእትዬን ዓይን መታ። ብዙወርቅ አጠገባቸው ነበረች። አፋቸው ሲከፈት አየች እንጂ ከመኪኖቹ ጩኸት የተነሳ ድምፃቸውን አልሰማችም። ደሙን ከወለሉ ላይ የጠረገችው እሷ ነች።

በማግስቱ ካቦው ቀጀላ ጠራት። «ነይ፣ የእትዬን መኪና ያዢ። ስትመኚው አልነበር?»

እጇን ወደ ማስነሻው ሰደደች። መልሳ ሰበሰበችው።

«ዛሬ አሞኛል ጋሼ፤ ነገ እይዛለሁ።»

በማግስቱም ሌላ ምክንያት አገኘች። ወደ መጥረጊያዋ ስትመለስ እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ በማለቷ አፈረች። መኪና በጮኸ ቁጥር ፊቷን በክንዷ ትሸፍናለች። ቤት ውስጥ ክዳን ሲወድቅ እንኳ ትዘላለች።

እሑድ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ እትዬ ቤት ልትጠይቃቸው ሄደች። አንድ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሯል።

«መኪናዬን ማን ያዘው?»

«ማንም። ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር... ፈራሁ።»

ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ እትዬ የዓይናቸውን ጨርቅ አስተካከሉ። «እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እፈራ ነበር» አሉ። «ይለቀኛል ስል አልለቀቀኝም።»

«ታዲያ እንዴት ሠሩ?»

«እየፈራሁ ነዋ! እስኪለቅሽ ከጠበቅሽ ስትጠርጊ ታረጃለሽ። ብትተዪውም ግን አልፈርድብሽም። የሚጠፋው ዓይን ነው።»

የመጨረሻው ቃላቸው ይበልጥ አስፈራት። ሆኖም ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይጠራት ቀጀላ ዘንድ ሄደች።

«ዛሬ ልያዘው፤ ግን አጠገቤ ይቁሙልኝ።»

መኪናው ሲነሳ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጀላ ትከሻዋን ነቀነቃት። «ግለጪ! ክሩን እዪ!»

ገለጠች። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ክር ተበጠሰ። መኪናውን አቆመች፣ ክሩን ቀጠለች፣ እንደገና አስነሳች። ቀጀላ ትቷት ወደ ሌሎቹ መሄዱን ያወቀችው ለምሳ ሲወጡ ነው።

ማታ እራቷን ሳትበላ ተነሳች። እናቷ «ነገ ቅሪ» ብትላት፣ «ነገ ከቀረሁ ተመልሼ አልሄድም» አለች።

ብዙወርቅ በዚያ መኪና ብዙ ዓመት አቡጀዲ ሠራች። ጠዋት ጠዋት ማስነሻውን ከመያዟ በፊት ግን ለአፍታ ፊቷን በክንዷ ትሸፍን ነበር።