ሬዲዮ ያጠፋው ቆብ

ልብስ ሰፊዋን ቀናተኛ ነሽ ቢሏት ሳቋን ነበር የምትለቀው። ባሏን፣ የድሮውን የአውቶቡስ ሾፌር፣ ስትሮክ መትቶት አንደበቱም እጅና እግሩም ከተያዙ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ በማን ትቀናለች? ዓይኑን ገና ማዞር ሲጀምር ውሃ ይሁን ትራስ የፈለገው ታውቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ «አፉ እኮ እሷ ናት» ይላል፤ ይህን ስትሰማ ልቧ ይሞቃል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሆስፒታል አንዲት ባለሙያ ልጅ የአንጎልን ምልክት የሚያነብ፣ ገመድ የበዛበት ቆብ ይዛ መጣች። ቀዶ ጥገና የለው፣ መርፌ የለው። ስምንት ስፖንጆቹ በጨው ውሃ ርሰው ራሱ ላይ ይጠለቃል፤ እሱ በሐሳቡ ቀኝ እጁን ሲጨብጥ መብራቱን፣ ግራውን ሲጨብጥ ሬዲዮኑን ያበራል፣ ያጠፋል። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጎበዝ ጋሼ፣ እስቲ አሁንም ይጨብጡ» ስትለው የሰውየው ዓይን ፈገግ ይል ነበር። ለሚስቱ እንዲህ ፈገግ ካለ ስንት ጊዜው!

በመጨረሻ ሲሳካለት መጀመሪያ ያደረገው ሬዲዮኑን ማጥፋት ነበር። ይወደዋል ብላ ስድስት ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ የከፈተችለትን ሬዲዮ! ልጅቷ ሳቀች። እሱም በዓይኑ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን አንጀቷ አረረ።

ስፖንጆቹ ካልረጠቡ ቆቡ አይሠራም፤ በየጠዋቱ ማርጠብ ደግሞ የእሷ ሥራ ነበር። በማግስቱ ሁለቱን ብቻ አረጠበችና ሌሎቹን እንደደረቁ ትታ ቆቡን አጠለቀችለት። ሰውየው ላብ እስኪያጠምቀው ቢያስብ መብራቱ ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ቀንም ቆቡ እምቢ ሲል ልጅቷ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ ስላለ ቆቡን ልትወስደው መሆኑን ነገረቻቸው። የሰውየው እንባ በጆሮው በኩል ወረደ። ሚስቱ ይህን አልቻለችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሆን ብዬ ነው ያላረጠብኩት። ቀንቼ ነው።»

ልጅቷ ስፖንጆቹን በደንብ አርጥባ ቆቡን ለሰውየው መልሳ አጠለቀችለት።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ቆቡን እሳቸው ያጥልቁልዎት? እሺ ካሉ መብራቱን ያብሩ። ካልሆነ እኔ እመጣለሁ።»

መብራቱ አልበራም። ሚስትየዋ እንደ ልማዷ ዓይኑን ልታነብ ብትሞክር ጣሪያው ላይ ተክሎታል፤ ምንም ልታውቅ አልቻለችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቆይቶ፣ ቆይቶ በራ።

«አኩርፈህ ነው ያቆየኸኝ?» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ከሆነ አጥፋው።»

ለዚህኛው አፍታም አልፈጀበትም። አምፖሉ ድርግም አለ።