ልጄን ለፖሊስ ምልመላ ጭሮ ያደረስኩበት ጉዞ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚኤሶ

ልጄ ትዕግሥት ለፖሊስ ምልመላ ተመዝግባለች፤ ፈተናው ረቡዕ ጭሮ ላይ ነው። አባቷም ፖሊስ ነበር። በሥራ ላይ ሳለ ከሞተ ስምንት ወሩ። እሷ የምትሄደው ለማለፍ ነው። እኔ አብሬያት የተነሣሁት ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ብትወድቅ ይዣት ልመለስ ነው።

ሚኒባሱ ከጭነት መኪኖች ኋላ እየተጎተተ ከተማውን ለቀቀ። ዝናብ ቀርቶ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል። ዳገቱ ሲጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ በየተረተሩ የጫት ማሳ ታየ። አጠገባችን የተቀመጡት የጭሮዋ ጫት ነጋዴ አዴ ፋጡማ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ።

“ፖሊስ ልሆን ነው፣ እማማ” አለች ትዕግሥት።

“ወላሂ! ታዲያ ነገ ኬላ ላይ ጫቴን ልታስወርጂኝ ነው?”

“ቀረጥ ከከፈሉ ማን ይነካዎታል?”

“ይቺ ሳትቀጠር ጀመረች!”

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቀትር፣ ጭሮ

አልጋ ልንይዝ ስንል አዴ ፋጡማ “ቤቴ እያለ?” ብለው ወሰዱን። የማሽላ ቂጣ በወተት አበሉን። ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ልምምድ ወጣች። ሜዳ ለለመደ እግር የጭሮ ዳገት ይከብዳል። በዚያ ላይ ረጅሙ ጥቁር ቀሚሷ እየጠለፈ ሁለት ጊዜ ጣላት።

“ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ቱታ የለሽም?” አሉ አዴ ፋጡማ።

“አለኝ። የአባቴ ዓመት ግን አልሞላም።”

በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በራሱ እጅ አያወልቅም፤ ዘመድ መጥቶ ነው የሚያስወልቀው። ቦኬ ላሉት ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደወልኩ። እምቢ እንደሚሉ አምኜ ነበር።

“ጋሼ፣ ልጅቷ ለሩጫው ጥቁሩን ማውለቅ አለባት። ዓመቱ ሳይሞላ ይሆናል?”

“አንቺስ ምን ትያለሽ?” አሉኝ።

“እፈራለሁ።”

“እኔም እፈራለሁ። ግን በወንድሜ ሐዘን አስረን አናስቀራትም። ቤታቸውን የከፈቱላችሁ ሴት በእኔ ፈንታ ያውልቁላት።”

አዴ ፋጡማ “ቢስሚላህ” ብለው ጥቁር ሻሿን ፈቱላት፤ ቀሚሷንም አስቀየሯት። ትዕግሥት እንደ ቀብሩ ቀን አለቀሰች። “አብሽሪ፣ ልጄ” እያሉ ጀርባዋን አሻሹ።

ረቡዕ፣ ከፈተናው ሜዳ

ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመናል። ትዕግሥት በሰማያዊ ቱታዋ ከኋላ ጀመረች፤ በየዙሩ አንድ ሁለት ሰው እያለፈች መጣች። እንድትወድቅ ስመኝ ቆይቼ፣ በመጨረሻው ዙር “በርቺ!” ብዬ ስጮህ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ሩጫውን አለፈች። ለሐኪም ምርመራ ሐሙስ ተመለሱ ስለተባሉ አዴ ፋጡማ ዘንድ ትቻት ብቻዬን ተሳፈርኩ።

ሚኤሶ ስደርስ ጎረቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

“ልጅትስ?”

“ሩጫው ቀናት፤ ለምርመራ ቀረች።”

“እሰይ! ደስ አለሽ?”

“ፈርቻለሁ” አልኳት። “ስምንት ወር ሙሉ በአባቷ ሐዘን የያዝኳት መስሎኝ ነበር። ለካ በፍርሃቴ ነው የያዝኳት።”